ምስማርና ቆርቆሮ በሞላበት ግቢ ውስጥ ጠገራ ብር በማሽን እንዴት ይፈለጋል?

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ። ከደሴም ከኮምቦልቻም ከወልዲያም ከመርሳም የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ "አያቴ እዚህ ግቢ ጠገራ ብር ቀብረዋል ይባላል፣ ዲቴክተር (ብረት መፈለጊያ ማሽን) ተውሼ ሞከርኩ፣ በረገጥኩበት ሁሉ ይጮሃል፣ ስቆፍር ግን ምስማር ነው፣ ምን ላድርግ?" ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ስመልስ ስለቆየሁ አሁን ሁሉንም አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ግን አብሽሩ፣ ጨርሳችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይያዝልኝ። የፈረሰ ቤት ቦታ ላይ ብሩ የማይገኘው ብዙ ጊዜ ጥልቅ ስለተቀበረ አይደለም፣ ብረት ስለሸፈነው ነው። ማሽኑ ከሥሩ ያለውን ነገር ሁሉ በአንድ ላይ ነው የሚሰማው፣ አንድ ብርና ሦስት ምስማር አንድ ላይ ሲያገኝ የብረቱ ድምፅ የብሩን ይውጠዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁሉ፣ ኮይል (መሬቱ ላይ የሚያልፈው ክብ ጭንቅላቱ) መቀነሱም ቀስ ማለቱም ሴንሲቲቪቲ (የማሽኑ የመስማት ኃይል) ማውረዱም፣ ዓላማው ብሩን ከብረቱ ለይቶ ለማሰማት ነው። ይሄ ከገባችሁ የማሽናችሁ ሞዴል ቢለያይም ሌላውን ራሳችሁ ታስተካክሉታላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት (ይሄን ሳታነቡ አትለፉ)

በ2013 እና በ2014 ጦርነቱ ያለፈበት ቦታ ወሎ ውስጥ ብዙ ነው። ምሽግ የነበረበት፣ ከባድ መሣሪያ የተተከለበት፣ ተኩስ የነበረበት መሬት ላይ ማሽን ይዛችሁ አትግቡ፣ በቃ። እናንተ የምትይዙት ዲቴክተር ፈንጂ ማምከኛ አይደለም፣ ጠገራ ብር ያለበትንም የእጅ ቦምብ ያለበትንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ሊነግራችሁ ይችላል፣ ቆፍራችሁ ስታዩት ደግሞ ረፍዷል። ግቢው የራሳችሁ ቢሆንም የአካባቢውን ሽማግሌ ጠይቁ፣ "እዚህ ወታደር ሰፍሮ ነበር ወይ" በሉ። ቀለህ በብዛት ከወጣ አቁሙ፣ ምክንያቱም የተተኮሰ ባለበት ያልፈነዳም ሊኖር ይችላል። እንግዳ ብረት ካያችሁ፣ ክንፍ ያለው ይሁን ክብ ይሁን ዝገት የበላው ቱቦ ይሁን፣ አትንኩት፣ አታንቀሳቅሱት፣ በመጣችሁበት እግር ተመለሱ፣ ከሩቅ ምልክት አድርጉና ልጆች እንዳይጠጉ ሰው አቁማችሁ ለቀበሌና ለፖሊስ ተናገሩ።

ሁለተኛው ሕጉ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ ማካሄድን ይከለክላል፣ ሳይታሰብ የተገኘ ቅርስም ቢሆን ወዲያው ሪፖርት መደረግ አለበት ይላል። ስለዚህ ማሽኑን ከማብራታችሁ በፊት ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄዳችሁ "የቤተሰባችን ግቢ ነው፣ የአያታችንን ብር ነው የምንፈልገው" ብላችሁ በጽሑፍ አሳውቁና ፈቃድ ካገኛችሁ ብቻ ግቡ። ሐይቅ እስጢፋኖስ አካባቢ፣ ላሊበላ፣ መቅደላ፣ የትኛውም መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብር ቦታ፣ ጥንታዊ ፍርስራሽ ፈጽሞ አይሞከርም። መሬት ውስጥ ያለ ነገር ታሪኩ የሚታወቀው ከጎኑ ካለው ነገር ጋር ሲታይ ነው፣ አንዴ ከተቆፈረ ያ ታሪክ አይመለስም። ማሽኑን ከውጭ ለማምጣት ያሰባችሁም ቀድማችሁ ጉምሩክን ጠይቁ፣ አየር ማረፊያ ላይ ተይዞ የቀረበት ሰው አውቃለሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ብረት የሚለይ ዲቴክተር። ቪኤልኤፍ የሚባለው (በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራው) ዓይነት ነው የሚሆነው፣ ጋሬት ኤስ 400 (በ10 ኪሎኸርዝ የሚሠራ)፣ ኖክታ ሲምፕሌክስ ፕላስ (12 ኪሎኸርዝ)፣ ወይም ብዙ ፍሪኩዌንሲ በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው ሚንላብ ኢኪኖክስ ቢሆን ይበቃል። ለወርቅ ተብሎ የመጣ ፐልስ ኢንዳክሽን ማሽን የምትዋሱ ሰዎች አላችሁ፣ እሱ ጥልቅ ይገባል ግን ብረትን ከብር በደንብ አይለይም፣ የፈረሰ ቤት ላይ ምስማሩን ሁሉ ያስቆፍራችኋል።
- ትንሽ ኮይል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ብዙ ጊዜ 28 ሴንቲ ሜትር (11 ኢንች) አካባቢ ነው፣ 15 ሴንቲ (6 ኢንች) ወይም ከዚያ ያነሰ ፈልጉ።
- ሄድፎን። የስልክ ኢርፎንም ቢሆን ሶኬቱ ከገጠመ ይሠራል።
- ፒንፖይንተር፣ ያቺ ጉድጓድ ውስጥ የምትገባ የካሮት ቅርፅ ያላት ትንሽ መፈለጊያ።
- ከተበላሸ ትልቅ ስፒከር የወጣ ማግኔት፣ በገመድ ታስሮ።
- መኮትኮቻ፣ ትንሽ አካፋ፣ ወንፊት፣ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት።
- ሲባጎና አራት ችካል።
- ወፍራም ጓንት። ዝገት ቀልድ አይደለም፣ የቴታነስ ክትባት ካልወሰዳችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ጠይቁ።
- ለመለማመጃ፦ አንድ ጠገራ ብር (እማማ አንገታቸው ላይ ካደረጉት ለአንድ ሰዓት ተዋሱ፣ አደራውን መልሱ)፣ የ1936 ስሙኒ ወይም አሥር ሳንቲም፣ ሦስት አራት የዛገ ምስማር፣ አንድ ቆርኪ፣ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ።

በነገራችን ላይ፣ "100 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ወርቅ ይጠቁማል" እየተባለ የሚሸጠው አንቴና ያለው በእጅ ላይ የሚሽከረከር ነገር ማታለያ ነው፣ ምንም አይሠራም፣ ገንዘባችሁን አታጥፉ።

ምን እንደምትፈልጉ እወቁ

ጠገራ ብር፣ የማርያ ቴሬዛ፣ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከመቶ 83 እጅ ብር ነው። የምኒልክ ብርም በመጠን ከሱ ጋር ይቀራረባል። እነዚህ ትልልቅ ስለሆኑ ለማሽን ቀላል ናቸው። ከባዱ የምኒልክ ግርሽ ነው፣ 1.4 ግራም ብቻ ናት፣ ከአንድ ምስማር ጎን ከተኛች አልሰማም ትላለች። የ1936 የጃንሆይ ሳንቲሞች መዳብ ናቸው፣ ሽልንጉ ግን (ሃምሳ ሳንቲሙ) ብር ነው። የጣሊያን ሳንቲም ደግሞ ከ1939 እስከ 1943 በፈረንጅ የተመታው ብዙው ብረት ነክ ስለሆነ አንዳንዱ ማግኔት ላይ ይለጠፋል፣ ማሽኑም "ብረት ነው" ሊላችሁ ይችላል፣ ስለዚህ ማግኔቱ ያነሳውን ሁሉ ሳታዩ አትጣሉ።

አሠራሩ

1. መጀመሪያ ቤት ውስጥ ሳይሆን ባዶ መሬት ላይ ተለማመዱ። ብረት የሌለበት ቦታ ፈልጉና ጠገራ ብሩን መሬት ላይ አስቀምጡ፣ በላዩ አሳልፉ፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ድምፁን በጆሯችሁ ያዙት። ከዚያ ስሙኒውን፣ ቆርኪውን፣ ቆርቆሮውን። ከዚያ ዋናው ልምምድ ይመጣል፣ ብሩን መሃል አድርጋችሁ በአራቱም ጎን አንድ አንድ ጣት ያህል እያራቃችሁ የዛጉትን ምስማሮች ደርድሩና እንደገና አሳልፉ። ቅድም ከፍ ብሎ የነበረው ቁጥር (እስከ 99 በሚቆጥር ማሽን 90 ምናምን) ሲወርድ፣ ሲዘል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሲጠፋ ታያላችሁ። ይሄን በዓይናችሁ ካላያችሁ የቀረው ነገር ሁሉ ወሬ ይመስላችኋል። ኮይሉን ከሰሜን ወደ ደቡብ ሳይሆን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስታሳልፉት ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥም እዚሁ ሞክሩት። እኔ ይሄን ልምምድ አሁንም ወቅቱ ሲደርስ አንድ ከሰዓት ሙሉ ሳልሠራ አልወጣም።

2. ጊዜ ምረጡ። ከበልግ ዝናብ በኋላ ወይም ክረምቱ ወጥቶ አፈሩ ገና ርጥበት እያለው ጥሩ ነው። በጋ ላይ ጥቁሩ መሬት ድንጋይ ይሆናል፣ መቆፈሩም ያደክማል፣ ስትመቱት ብሩን ትጭሩታላችሁ። ዝናብ እየጣለ ግን አትሥሩ፣ ጭቃ ኮይሉ ላይ ይለጠፋል።

3. ቦታውን በሲባጎ ከፋፍሉ። አራት ችካል ተክላችሁ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር አድርጉና አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትሂዱ። "እዚያ ጋ ይመስለኛል" እያላችሁ ግቢውን ሁሉ ከዞራችሁ የትኛውን እንደፈተሻችሁ ታጣላችሁ። የት እንደምትጀምሩ ለመወሰን የቤቱን አዛውንቶች አስቀምጣችሁ ጠይቁ፦ ምሰሶው የት ነበር፣ ምድጃው የት ነበር፣ መደቡ የት ነበር፣ በሩ ወዴት ይዞር ነበር። ሰው የሚቀብረው ማታ በጨለማ ተመልሶ ሊያገኘው ከሚችለው ምልክት አጠገብ ነው።

4. የላዩን ብረት በማግኔት ጥረጉ። ማግኔቱን በገመድ እየጎተታችሁ መሬቱን ሁሉ አዳርሱ፣ የተለጠፈውን እያራገፋችሁ ባልዲ ውስጥ ክተቱ። ይሄ አሰልቺ ነው፣ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጥ እርምጃ ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም ብር ማግኔት ላይ አይለጠፍም፣ ብረቱ ሲነሳ ብሩ እዚያው ይቀራል፣ የወጣች እያንዳንዷ ምስማር ደግሞ ከሥሯ የነበረውን ነገር ትገልጣለች። አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ከፈረሰበት፣ ከአንዱ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ካሬ ግማሽ ባልዲ ምስማርና የቆርቆሮ ፍርፋሪ ማውጣት የተለመደ ነው።

5. ማሽኑን ለብረታም ቦታ አስተካክሉ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል ስለዚህ ቀስ ብዬ ልሂድ።

ኮይሉን ቀይሩ፣ ትንሹን ግጠሙ። ትልቁ ኮይል በአንድ ጊዜ አራት ምስማርና ብሩን አብሮ ያያል፣ ትንሹ ግን በምስማሮቹ መሃል ሾልኮ ብሩን ለብቻው ሊያገኘው ይችላል። ጥልቀት ትንሽ ትከስራላችሁ፣ ይሁን፣ ብረት የሸፈነው ነገር ላይ ጥልቀት ቢኖራችሁም አይጠቅማችሁም።

ሴንሲቲቪቲውን አውርዱ። ሰው ሁሉ እስከ ጥግ ይከፍተዋል፣ "ሩቅ ይስማ" ብሎ። ሲከፈት ግን ከጎንና ከጎን ያለውን ዝገት ሁሉ ይሰበስባል፣ መንጫጫት ብቻ ይሆናል። ማሽኑ ኮይሉ በአየር ላይ ቆሞ ዝም እስኪል፣ መሬት ላይ ደግሞ ያለምክንያት መጮህ እስኪያቆም ድረስ ቀንሱት።

ዲስክሪሚኔሽኑን (ብረትን ዝም የሚያሰኘውን ማጣሪያ) ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ አድርጉ። "ብረት አልፈልግም" ብላችሁ ከዘጋችሁት ማሽኑ ከብረት ጋር የተደባለቀውን ብርም አብሮ ይዘጋባችኋል፣ የብሩ ቁጥር በምስማሩ ምክንያት ወርዶ በዘጋችሁት ክልል ውስጥ ሊገባ ይችላልና። ብረቱን አትዝጉት፣ ስሙት። የብረት ድምፅ ወፍራም፣ የሌላው ቀጭን የሚሆንበት አማራጭ ካለው እሱን ምረጡ፣ ከወፍራሙ መሃል ቀጭኗ ድምፅ ብልጭ ስትል ጆሯችሁ ይይዛታል።

ግራውንድ ባላንስ ሥሩ። የኛ አካባቢ አፈር አብዛኛው ከባዛልት ድንጋይ የመጣ ስለሆነ ብረት ነክ ማዕድን ይበዛበታል፣ ቀይ አፈሩ በተለይ። ንፁህ የሆነች ቦታ ፈልጋችሁ ኮይሉን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረጋችሁ ማሽኑ ከአፈሩ ጋር እንዲስማማ አድርጉ፣ አውቶማቲክ ካለው እሱ ይሥራ፣ ጭራሽ ማስተካከያ ከሌለው ደግሞ ሴንሲቲቪቲ መቀነሱ በከፊል ያካክሰዋል። ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር ድገሙት። ይሄ ካልተሠራ ባዶ ድንጋይ ብር መስሎ ያስቆፍራችኋል።

6. ቀስ ብላችሁ አወዛውዙ። ኮይሉ ከመሬት ሁለት ሦስት ሴንቲ ከፍ ብሎ በልኩ ይሂድ፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ እንደ ዥዋዥዌ ወደ ላይ አታንሱት። አንድ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ስጡት። ማሽኑ ምስማሩን ከሰማ በኋላ ቀጣዩን ለመስማት ጥቂት ፋታ ይፈልጋል፣ በፍጥነት ካሳለፋችሁት ብሩ በዚያ ፋታ ውስጥ ያልፋል። ቀጣዩ ማለፊያ ካለፈው ጋር በግማሽ ይደረብ። የዳር ሰዎች "ምን እየሠራ ነው ተኝቶ?" ይላሉ፣ ይበሉ።

7. በሁለት አቅጣጫ ፈትሹ። አንዱን ካሬ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከጨረሳችሁ በኋላ ዞራችሁ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንደገና። ምስማር ረጅም ነገር ነው፣ በርዝመቱ ስታልፉበትና በጎኑ ስታልፉበት ድምፁ ይለያያል፣ ከጎኑ ያለው ብር በአንደኛው አቅጣጫ ተሸፍኖ በሌላኛው ሊወጣ ይችላል።

8. ቀጭን ድምፅ ስትሰሙ ቁሙና መርምሩ። ወዲያው አትቆፍሩ። ኮይሉን በላዩ ላይ አንድ ስንዝር በማትሞላ ርቀት እያወዛወዛችሁ እነዚህን አራት ነገሮች እዩ፦

- ቁጥሩ። ብር ለብቻው ከሆነ ቁጥሩ ይረጋል። ከታች ወደ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚዘልል ከሆነ ወይ ጠማማ ብረት ነው ወይ ብር ከብረት ጋር ነው።
- ቦታው። ቀጭኑ ድምፅ የሚመጣበትን ነጥብ በእንጨት ምልክት አድርጉበት፣ ከዚያ እናንተ ሩብ ዙር ዞራችሁ እንደገና አሳልፉ። ብር ከሆነ ነጥቡ እዚያው ነው። የምስማር ጫፍ ወይም የቆርቆሮ ጠርዝ ከሆነ ድምፁ ግማሽ ስንዝር ወዲያ ይሸሻል፣ ወይ ወደ ወፍራም ይለወጣል።
- ከፍታው። ኮይሉን ቀስ ብላችሁ ከመሬት አንሱ። አንድ ብር ከሆነ ድምፁ ቶሎ ይሳሳል። ሁለት ስንዝር አንስታችሁም የሚጮህ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው፣ ማረሻ፣ ዶማ፣ የጣሳ ክዳን። (በማድጋ የተቀበረ ብዙ ብር ቢሆንም እንዲሁ ይጮሃል፣ ሸክላው ራሱ ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ትልቅ ድምፅ ቁጥሩ ከፍ ብሎ የረጋ ከሆነ አትናቁት፣ ግን የጦርነቱን ማስጠንቀቂያ አስታውሱና መሬቱ የማይታመን ከሆነ ተዉት።)
- ድግግሞሹ። ከአሥር ማለፊያ አንዴ ብቻ ብልጭ ካለ ተዉት። በአንድ አቅጣጫ እንኳ ቢሆን ባሳለፋችሁ ቁጥር እዚያችው ነጥብ ላይ ቀጭን ድምፅ ከሰጠ ግን ቆፍሩ፣ በሌላው አቅጣጫ ወፍራም ቢሆንም ቆፍሩ። ብዙ ሰው የሚተወው ይሄን ነው፣ ብሩ ያለው ግን እዚህ ነው።

አንድ ላሳያችሁ። ኩታበር ዘመድ ቤት የፈረሰ ቤት ላይ፣ የምሰሶው ጉድጓድ አጠገብ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሳልፍ ወፍራም የብረት ድምፅ ብቻ ነበር። ከምሥራቅ ስመጣ ከወፍራሙ ጫፍ ላይ አንዲት "ጭው" የምትል ነገር፣ ቁጥሩ 40፣ ከዚያ 85፣ ከዚያ ምንም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት ሦስቴም እዚያችው ቦታ ላይ ጭው አለች። ስቆፍር መጀመሪያ አንድ ላይ ተጣብቀው የዛጉ ሁለት ምስማሮች ወጡ፣ እነሱን አንስቼ ጉድጓዱን እንደገና ስፈትሽ ማሽኑ በሁለቱም አቅጣጫ ጥርት ብሎ ጮኸ። አንድ ጠገራ ብር ነው፣ ላዩ ላይ የአንገት ማሰሪያ ጆሮ የተበየደበት፣ ማተብ ማሰሪያዋ የበሰበሰ። የቤቱ ባለቤት እትዬ አፈሩን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አድርገው ሲያዩት "የእናቴ ናት፣ ልጅ ሆኜ የጠፋችባት ናት" አሉ። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ነበር፣ ከኔ በፊት ሁለት ሰው በትልቅ ኮይል አልፎበታል። ወረዳውም አስመዝግበነው እሳቸው ዘንድ ነው ያለው።

9. ስትቆፍሩ ሰፋ አድርጉ። ከነጥቡ አንድ ስንዝር ራቅ ብላችሁ ዙሪያውን ቁረጡ እንጂ ነጥቡ ላይ አትምቱ፣ አንድ የዶማ ምት የምኒልክ ብር ፊት ላይ ካረፈ ዋጋውን ገደለው ማለት ነው። አፈሩን ማዳበሪያ ከረጢቱ ላይ አድርጉ፣ በፒንፖይንተር ፈትሹት። ከአፈሩ ውስጥ ካልሆነ ጉድጓዱ ጎን ላይ ነው። መጨረሻ ላይ በእጅ ጫሩ፣ በጓንት።

10. ጉድጓዱን ደግማችሁ ፈትሹ። ምስማር ከወጣ "ምስማር ነበር" ብላችሁ አትሂዱ። ከላይ እንዳልኩት ምስማሩ መጋረጃው ነው። ብር ቢወጣም ደግማችሁ ፈትሹ፣ የተቀበረ ብር ብዙ ጊዜ ብቻውን አይደለም።

11. የላዩን አንሱና እንደገና ጀምሩ። ካሬው ካለቀ በኋላ ቤቱ የቆመበት ቦታ ከሆነ አምስት አሥር ሴንቲ አፈር ገፋችሁ በወንፊት ንፉት፣ ከዚያ ማሽኑን ድጋሚ አሳልፉ። በብረት ቦታ ላይ አንድ ጊዜ አልፎ "ባዶ ነው" ማለት አይቻልም፣ እኔ አንዱን ካሬ አራት ጊዜ የማልፍበት ጊዜ አለ።

12. ሞልታችሁ ሂዱ። አፈሩን መልሱ፣ ርገጡት፣ የሰበሰባችሁትን ብረት ይዛችሁ ውጡ። ከብት እግሩን እንዳይሰብር፣ ለሚቀጥለው ጊዜም ያው ምስማር እንዳይጠብቃችሁ።

የተገኘውን እንዴት መያዝ

እያሻችሁ አታጥቡት፣ አትፈግፍጉት። ሎሚ፣ አመድ፣ አሸዋ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ኮካ አታስነኩት። ብሩ ላይ ያለው ጥቁሩ ሽፋን ቆሻሻ አይደለም፣ ከተፈገፈገ የሳንቲሙ ፀጉርና ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል፣ የሚያውቅ ገዢም ሆነ ሙዚየም በመጀመሪያ የሚያየው ያን ጭረት ነው። በንፁህ ውሃ አንድ ቀን ዘፍዝፉት፣ አፈሩ ራሱ ይለቃል፣ ሳትጠርጉ በጥጥ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ አድርቁት። አረንጓዴ የሆነ የመዳብ ሳንቲም ውሃም አታብዙበት፣ አድርቃችሁ ለብቻ አስቀምጡ።

ጠገራ ብር መሆኑን ለማረጋገጥ የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ አስመዝኑት፣ 28 ግራም አካባቢ ካልመጣ ተጠራጠሩ። ማግኔት ላይ ከተለጠፈ አይደለም። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን ከፍ ብሎ የተጻፈ የላቲን ጽሑፍ አለ፣ በጥፍራችሁ ይሰማችኋል። እና "1780 ነው የሚለው፣ ስንት ዓመቱ ነው!" ብላችሁ የምትጽፉልኝ፣ ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ስለሆነ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ 1780 እያለ ነው የተመታው፣ ቁጥሩ ዕድሜውን አይነግራችሁም። የምኒልክ ብር ላይ ያለው ዓመት ግን በኛ አቆጣጠር ነው፣ 1889 የሚል ካያችሁ ትክክል ነው።

የት እንደተገኘ፣ ስንት ጥልቀት ላይ፣ ከምን ጋር እንደነበር ጻፉ፣ ከነአፈሩ ፎቶ አንሱ። ወረዳው ሲጠይቃችሁ ይሄ ነው የሚፈልገው። ብዙ ብር በአንድ ላይ በማድጋ ውስጥ ካገኛችሁ ማድጋውን አታውጡት፣ እዚያው ሸፍናችሁ ወረዳውን ጥሩ፣ ሰው አትሰብስቡ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ቁጥሩን ማመን። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር "ብር" አይልም፣ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍና ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ነው የሚነግራችሁ። የነሐስ ቀለህ፣ የአሉሚኒየም ድስት ቁራጭ፣ የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ ከሳንቲም ጋር ይደባለቃሉ። ቆርኪ፣ ሮንዴላና ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ብረት ሆነው ሳለ ክብ ወይም ጠፍጣፋ ስለሆኑ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣሉ።

ጫማ። ብረት አፍንጫ ያለው የሥራ ጫማ አድርጎ "ማሽኑ ተበላሽቷል" ያለኝ ሰው ነበር። ኪስ ውስጥ ያለ ቁልፍና ስልክም እንዲሁ፣ በተለይ ፒንፖይንተር ስትጠቀሙ።

ሁለት ማሽን ጎን ለጎን። ሁለታችሁ አንድ ግቢ ውስጥ ከሠራችሁ አሥር ሜትር ያህል ተራራቁ፣ ማሽኖቹ እርስ በርስ ይረባበሻሉ። የመብራት ገመድ ሥርም ይንጫጫል፣ ማሽኑ ፍሪኩዌንሲ መቀየር የሚችል ከሆነ ቀይሩ፣ ካልሆነ ሴንሲቲቪቲውን ቀንሱ።

መቸኮል። ግቢውን በአንድ ቀን ለመጨረስ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ነው የሚሄደው። በቀን ሁለት ካሬ በደንብ ከሠራችሁ ብዙ ነው፣ የጨረሳችሁትን ካሬ ወረቀት ላይ ሳሉና ቀን ጻፉበት፣ ነገ ከዚያው ቀጥሉ።